ከቀሚሳቸው የቀደሙ ልጆች

እትዬ ሜትር የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ከጀመረች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድማ። ገበያ ስትወጣ አንገቷ ላይ ነው፣ ሠርግ ስትጠራ አንገቷ ላይ ነው፤ አንዴ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ሐኪሙ «እናቴ፣ ይህን ነገር ብናወልቀው ምን ይመስልዎታል?» ቢላት «አንተ ጥርሱን ንቀል፣ ሜትሩን ተወው» ብላ አፏን መልሳ ከፈተች። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም አሁን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም።

ሥራዋ የራሱ ሕግ አለው። የምትለካው ልጅ በርጩማ ላይ ትቆማለች። እትዬ ሜትር ከሥር ተንበርክካ ስምንት ስፒል በከንፈሯ ትነክሳለች፤ ከዚያ ወዲያ መናገር ብሎ ነገር የለም። ስፒል ነክሶ የሚናገር ሰው አንድም ይወጋል፣ አንድም ይውጣል። ስለዚህ የምታወራው ልጅቷ ናት። የመምህሩን ቁጣ፣ የጓደኛን ክዳት፣ የአባትና የእናትን ኩርፊያ፣ ሁሉንም ከበርጩማው ሥር ሆና ሰምታለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ «እምም» ነው። ሰፈሩ ምሥጢር ጠባቂ ናት ብሎ ያከብራታል። እውነቱ ይነገር ከተባለ ምሥጢሩን የጠበቀው ስፒሉ ነው።

ሁለተኛው የእጥፋት ሕግ ነው። የቀሚሱን ግርጌ ስድስት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ሁለት ሁለት ጣት እየተፈታ ይወርዳል፤ አንዱ ቀሚስ ሁለት ዓመት ያስኬዳል፤ ወላጅ ይመርቃታል። ታዲያ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ጊዜ ቀሚሱ «የሚሮጥበት» ዓመት ይመጣል፤ ስድስቱም ጣት በጥቂት ወር ያልቃል። ቀሚሱ በሮጠ፣ ግፋ ቢል በዓመቱ፣ እናትየው ብቅ ትልና «እትዬ፣ ለልጅቷ አንድ ትርፍ ጉርድ ቢሰፋላት፣ ጠቆር ያለ» ትላለች። ትርፍ ጉርዱ ለምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይናገሩም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ዘንድሮ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ግን ጉድ ፈላ። ትምህርት ቤቱ ቸኩሎ ስለነበር እትዬ ሜትር የአራተኛ ክፍል ሴቶችን ዩኒፎርም ሳትለካ፣ ሃያ አምስት ዓመት ባገለገለው የካርቶን ልክ ቆረጠችው። ሠላሳ አንድ ቀሚስ። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ሠላሳ አንድ ሴቶች የታናሽ እህታቸውን ልብስ ሰርቀው የወጡ መስለው ተሰለፉ። የአንዷ ወገብ አልቆለፍ ብሏል፣ የሌላዋ እጅጌ ክርኗ ላይ ቀርቷል፤ ቀሚሱማ ከጉልበት ጋር የተቆራረጠ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሰልፉን አይቶ «ይህ አዲስ ፋሽን ነው?» አለ ይባላል።

እትዬ ሜትር ይህን ስትሰማ አንዲት ደቂቃ አላመነታችም። ሽንጧን ገትራ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ሄደች።

«ጨርቅህ ይገባል» አለችው።

«ታጠበ እንዴ?»

«አልታጠበም።»

«እትዬ፣ ያልታጠበ ጨርቅ እንዴት አድርጎ ይገባል?»

«እሱን የሸጥከው አንተ ንገረኝ።»

አንድ ሜትር አስቆረጠችና እዚያው ደጃፉ ላይ በሳፋ ታጥበው ጀመር። በቀዝቃዛ አጠበችው፣ በሙቅ አጠበችው፣ ቀቀለችው፤ ሰባት ጊዜ አጥባ ለካችው። ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። ጨርቅ ነጋዴው ፈገግ ሲል «አትሳቅ፣ ገና ነው» አለችና የራሷን ሜትር ከአንገቷ አውርዳ ከእሱ የብረት ሜትር ጋር አስተያየችው። ፀጉር ታህል እንኳ አልተዛነፈም። ከዚያ በፊት ሜትሩን ስታወርድ ያያት ሰው ስላልነበረ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

«እንግዲህ ጨርቁ ካልገባ፣ ሜትሩም ካልዋሸ» አለ ነጋዴው፣ «የቀረው ልጆቹ ናቸው።»

እትዬ ሜትር ሱቋን ዘግታ ሠላሳ ስምንቱን የልክ ደብተር በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። የየዓመቱ ልክ፣ እጥፋቱ የተፈታበት ወር ሳይቀር፣ በእርሳስ ተጽፏል። በመጀመሪያዎቹ ደብተሮች ቀሚሱ የሚሮጠው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሰባተኛ። ከዚያ ስድስተኛ፣ ከዚያ አምስተኛ፤ አሁን አራተኛ ክፍል በር ላይ ቆሟል። በየዓመቱ በእጇ የጻፈችውን አንድ ላይ አንብባው አታውቅም ነበር። ክው ብላ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሱቋ ችሎት ሆነ።

«ዶሮው ነው» አለች እንቁላል ሻጯ። የራሷን ዶሮ አይደለም፤ የሱፐርማርኬቱን ማለቷ ነው።

«ስልኩ ነው» አለ ጫማ ሰፊው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ጨርቅ ነጋዴው ደግሞ ድል አድርጎ ስለነበር ልቡ ሞልቶ «ሙቀቱ ነው፤ ቲማቲምስ በሙቀት አይደል ቶሎ የሚቀላው?» አለ። የሦስት ወንዶች እናት የሆነች ደንበኛ «የአሁን ሴቶች ዓይን አውጣ ስለሆኑ ነው» ብላ ልትቀጥል ስትል እትዬ ሜትር መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ኳ አደረገችውና «የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥንቷን እደግ ብላ አዝዛው ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ የልጇን ሱሪ ይዛ ወጣች።

ነገሩን ያበጠረችው ጋውኗን ልታሰፋ የመጣችው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናት።

«ዋናው ነገር ስንቅ ነው፣ እትዬ» አለች። «ድሮ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በተቅማጥና በትኩሳት ይማቅቅ ነበር። የበላው ለበሽታው ነው የሚሄደው። አሁን ክትባት አለ፣ የተሻለ ውኃና ምግብ አለ። ሰውነት ስብ ሲያጠራቅም ለአንጎል 'ስንቅ ሞልቷል' ብሎ መልእክት ይልካል። አንጎልም ያኔ ልጅቷን ወደ ኮረዳነት ማሻገር ይጀምራል።»

«ታዲያ ደግ ነገር ነዋ።»

«እስከ ልኩ ድረስ። ጣፋጭ ሲበዛ፣ ቁጭ ብሎ መዋል ሲበዛ፣ ልጅ ከልክ በላይ ሲወፍር ደግሞ ያለ ጊዜው ያስቸኩለዋል። የቤት ውስጥ ጭንቀትም ያስቸኩላል የሚሉ አሉ። ፕላስቲክና ቅባት ውስጥ ያለውንም ኬሚካል ይጠረጥራሉ፤ እሱ ገና እየተጠና ነው፤ በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው ካለ አይመኑት።»

«ዶሮውስ?» አለች እንቁላል ሻጯ ከበሩ።

«ዶሮውን ተይው» አለች ሲስተር። «ብቻ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምልክት ካየች ቶሎ ይዛችሁ ኑ። ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ የጤና ነው።»

እትዬ ሜትር ይህን ሁሉ ወደ ራሷ ቋንቋ መልሳ ተረዳችው። ሰውነትም ልብስ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ጨርቁ እንደሚበቃ ሳያረጋግጥ መቀሱን አያነሳም። ድሮ ጨርቁ የሚሞላው ዘግይቶ ነበር። አሁን ቶሎ ይሞላል፣ መቀሱም ቶሎ ይነሳል። እንዲህ ስታስበው ነገሩ ሁሉ ቀለላትና ጋውኑን እያንጎራጎረች ሰፋች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። ሚጢጢ አራተኛ ክፍል ናት።

ሚጢጢ የልጇ ልጅ ናት። ስትወለድ ከአንድ ክንድ የማትበልጥ ስለነበረች ሚጢጢ ተባለች፤ አሁን ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወሯ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ክር ያለ በርጩማ ታወርዳለች። እናቷ፣ የእትዬ ሜትር አንድያ ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ሦስቱም ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ።

እትዬ ሜትር እንዲህ የደነገጠችው ያለ ነገር አይደለም። እሷ ራሷ የወር አበባ የመጣባት በአሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ማንም ምንም አልነገራትም፣ የምትሞት መስሏት ነበር። ያን ጊዜ «እኔ ሴት ልጅ ብወልድ አስቀድሜ እነግራታለሁ» ብላ ማለች። ልጅ ወለደች፤ ንግግሩንም በቃሏ አጠናች። የራሷን ዕድሜ አሰበችና አንድ ዓመት ቀንሳ፣ ልጇ አሥራ አራት ዓመት በሞላት ቀን ቁጭ አድርጋ «እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ትልቅ ሰው ልትሆኚ ነው» ብላ ጀመረች። ልጅቷ እጆቿን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለቻት። ሁለት ዓመት አልፎታል። የሂሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳው ፊት፣ ኅምሳ ልጅ እያየ። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ለብቻዋ ወደ ቤት መጣች፣ ጉርዷን ለብቻዋ አጠበች፤ ዝም አለች። የሰውን ልጅ ሁሉ ቀሚስ የምታነብ ሴት የራሷን ልጅ ቀሚስ ሳታነብ ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም ሲታወሳት ያንገበግባታል።

ስለዚህ ለሚጢጢ መዘግየት የለም። ይህን ለራሷ ነገረች። ሳይቃጠል በቅጠል። ንግግሩን ከአሥራ አራት ወደ አሥራ አንድ አወረደችው፤ በራሷም ብልህነት ተደሰተች።

ሠላሳ አንዱን ቀሚስ በየልካቸው እንደ አዲስ ስትሰፋ የሚጢጢንም አብራ ሰፍታ ነበር፤ ቀሚሱ ግን አልጠበቃትም። በሁለተኛው ወር ሁለት ጣት ፈታች። በአራተኛው ወር ሁለት ጣት ፈታች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጣቶች ብቻ ሲቀሩ፣ በእጇ ላይ ያለው ክር ከማን ቀሚስ እንደተፈታ ነቅታ አየች። ያን ዕለት ልጇን ከሥራ መልስ ጠብቃ፣ እግሯን በሙቅ ውኃ ነክራ በተቀመጠችበት ጠጋ አለቻት።

«ሚጢጢ ልትደርስ ነው።»

«የት?» አለች ሾፌሯ፣ ሐሳቧ ከመንገድ አልተመለሰም።

እትዬ ሜትር ነገረቻት። ሾፌሯ ዓይኗን አፈጠጠች። «እማዬ፣ ትናንት እኮ ከአሻንጉሊቷ ጋር ተጣልታ ስታለቅስ ነበር።»

«አሻንጉሊት መያዟ ምን አገናኘው? ቀሚሱን እይው።»

«ቀሚስ ነው ሐኪም? አሥራ ሁለት ሲሞላት እኔው እነግራታለሁ። እስከዚያ ልጅነቷን አትቀሚያት።»

«ከዚያ በፊት ቢመጣስ?»

«አይመጣም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ አንቺ ስለዚህ ነገር ምን ያገባሻል? ለኔ ነግረሽኝ ነበር?» አለች።

እትዬ ሜትር የእግሯን ፎጣ አቀበለቻት። «እሺ» አለች፤ ላትናገር ቃል ገባች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃሏን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች ቆየች። ሚጢጢ ሆዷን ስታሻሽ ካየች ልቧ ድው ይላል፤ ለካ ልጅቷ ጥሬ ማንጎ በልታ ነው። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ስትዘገይ በር ላይ ትቆማለች። ጫማ ሰፊው «እትዬ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» ሲላት «ዝናብ» አለችው፤ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር። አንድ ቀን የልጅቷን ቦርሳ ከፍታ ትርፍ ጉርድና አንድ እሽግ ሞዴስ ከሥሩ ወሸቀች፤ ሚጢጢም አገኘችውና «እማማ፣ ይሄ ለመምህሯ የሚሰጥ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ሜትር «እምም» አለች፣ ስፒል ሳትነክስ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚጢጢ ራሷ መጣች። «እማማ፣ ቀሚሴ እንደገና አጠረ።»

በርጩማው ላይ ቆመች። እትዬ ሜትር ተንበረከከች፣ ስምንቱን ስፒል ነከሰች፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጣቶች ፈታች፤ ለካች። ቀሚሱ ከጉልበት በታች ለመድረስ ገና ይቀረዋል። እጥፋቱ አልቋል። ለልጇ የሰጠችው ቃል በአንድ በኩል፣ ከልጇ በፊት ለራሷ የሰጠችው ቃል በሌላ በኩል ሆነው ሲጓተቱ ይሰማታል። ሚጢጢ ከላይ ሆና ስለ ክፍሏ ድመት እያወራች ነው። እትዬ ሜትር አንዱን ስፒል ከከንፈሯ አውጥታ መያዣው ላይ ሰካች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

ሚጢጢ ወሬዋን አቆመች። በሕይወቷ አያቷ ልክ እየለካች ስፒል ስታወጣ አይታ አታውቅም። «እማማ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ስሚኝ» አለች እትዬ ሜትር፤ የቀረውንም ስፒል አወጣች። በቃሏ ያጠናችው ንግግር ግን የት እንደገባ ጠፋ። ሃያ ምናምን ዓመት የያዘችው ንግግር። ቢጨንቃት የራሷን መናገር ጀመረች። «እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ አንድ ቀን ጠዋት ሞቻለሁ» አለች።

ሚጢጢ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ከእንቅልፌ ስነሳ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። በቃ፣ ውስጤ የተቀደደ ነገር አለ አልኩ። ለማንም ሳልናገር ንብረቴን ማከፋፈል ጀመርኩ። ቀይ የፀጉር ሪባን ነበረኝ፣ ለእህቴ ሰጠኋት። እርሳሴን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ። ዶሮዬን አቅፌ ተሰናበትኩ። ከዚያ ንጹሕ ልብሴን ለብሼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ተኛሁና ጠበቅሁ።»

«ምን ጠበቅሽ?»

«ሞትን ነዋ። ምሳ ሰዓት ድረስ አልመጣም። ራበኝና ተነስቼ በላሁ። ከበላሁ በኋላ መልሼ ተኛሁ።»

ሚጢጢ መሳቅ ጀመረች።

«ማታ እናቴ አየችኝና ገባት። 'የሁሉም ሴት ነው፣ አርፈሽ ተነሺ' አለችኝ፤ በቃ፣ ሌላ አልተናገረችም። በማግሥቱ እህቴን ሪባኔን መልሺ ብላት 'ሟች የሰጠው አይመለስም' ብላ እንቢ አለች። እስከ ዛሬ አልመለሰችም።»

ሚጢጢ ሳቋ ፈንድቶ ከበርጩማው ወረደች፤ መሬት ላይ ተንከባለለች። እትዬ ሜትርም ያን ቀን እንዲህ የሚያስቅ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ አርባ ሦስት ዓመት ስትፈራው የኖረችውን ነገር ዛሬ ከልጅ ጋር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችበት። ሳቁ ሲበርድ የቀረውን በቀላሉ ነገረቻት። የወር አበባ የሚባል እንደሆነ፣ ደሙ የቁስል እንዳልሆነ፣ ማሕፀን በየወሩ ለልጅ የምታነጥፈውን ምንጣፍ መልሳ እንደምታጥፈው፣ ሆድ ትንሽ ሊቆርጥ እንደሚችል፣ ያ እሽግ የመምህሯ እንዳልሆነ፣ እንዴት እንደሚያዝ። ሚጢጢ ጥያቄ አላለቀባትም።

«ስሮጥ ይወድቃል?»

«አይወድቅም። ሩጪ።»

«ወንዶችስ ምን ይመጣባቸዋል?»

«ድምፃቸው ይበላሻል። ዘይት እንዳጣ መኪና ይንጫጫል።»

ይህም አሳቃት። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ «ታዲያ አንቺ በአሥራ አምስት፤ እኔ ለምን በዚህ? ምን አጥፍቼ ነው?» አለች።

እትዬ ሜትር ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። ልጅቷን ከመሬት አንስታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት። «ምንም አላጠፋሽም። እኔ በልጅነቴ ሁለት ጊዜ በትኩሳት ሞቼ ድኛለሁ፤ ጠግቤ ያደርኩበትም ቀን ጥቂት ነው። ሰውነቴ ጨርቁ አልሞላለት ብሎ አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀ። አንቺ ተከትበሻል፣ በልተሻል፣ ተኝተሻል። ያንቺ ጨርቅ ቀድሞ ሞላ። ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፣ ሐኪሞቹ እየፈለጉት ነው፤ ያንቺ ጥፋት ግን የለበትም።»

«እምም» አለች ሚጢጢ፤ ገባት።

ችግሩ የሚጢጢ አፍ ስፒል አለመያዙ ነው። ያን ዕለት ራት ላይ፣ ሾፌሯ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳትውጥ፣ «ማሚ፣ አንቺስ ሲመጣብሽ ለማን ምን አወረስሽ?» አለቻት።

ሾፌሯ ወደ እናቷ ዞረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይደረጋል። አልጮኸችም። ሳህኗን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ጀመር። «ለአያትሽ ቁልፉን በሩ ላይ ትተወው በያት» ትላለች ሾፌሯ። እትዬ ሜትር ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆና «ለእናትሽ እሺ በያት» ትላለች። ሚጢጢ ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራው ሰለቻትና ማሳጠር ጀመረች። «ቁልፍ ብላለች። እሺ ብላለች።» ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሚጢጢ በመካከሉ አሥር ዓመት ሞላት፤ አዲስም ቀሚስ ተሰፋላት፣ ስምንት ጣት እጥፋት ያለው። እትዬ ሜትር በየቀኑ እየሳቀች ትውላለች፣ ማታ ማታ ግን «ቃሌን አፍርሼ ያተረፍኩት ምንድን ነው?» እያለች ትተክዛለች። ልጅቷ ትፍራ አትፍራ ገና አልታየምና።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሜትር ኮሌታ እየተኮሰች ሳለ ከውጭ ትልቅ የፍሬን ድምፅ ሰማች። ወጣች። የከተማው አውቶቡስ፣ ያ ረጅሙ፣ አውቶቡስ ገብቶበት በማያውቀው ቀጭን መንገድ ገብቶ ከሱቋ ፊት ቆሟል። ጨርቅ ነጋዴው ጣቃዎቹን ወደ ውስጥ እየወረወረ ነው። ጫማ ሰፊው ሳጥኑን አቅፎ ከግድግዳው ተለጥፏል። አርባ ተሳፋሪ በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያያል። እትዬ ሜትር ልጄን ምን አገኛት ብላ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ጨበጠች።

የሾፌሩ በር ተከፈተና ልጇ ወረደች። ሚጢጢን እጇን ይዛታለች። ሚጢጢ የእናቷን የሥራ ጃኬት ወገቧ ላይ አስራ፣ ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ እያየች ትራመዳለች።

«እማማ፣ መጣ» አለች በር ላይ ስትደርስ። «ትርፍ ጉርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ግን ማሚ ቶሎ እንሂድ ብላ ነዳችው። እኔ እቀይራለሁ፣ አውቀዋለሁ።» ቦርሳዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ዘጋች።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሾፌሯ ቆማለች፤ ኮፍያዋን በእጇ ጨምድዳዋለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ደግሞ ይስቃል፤ የትኛውን እንደምትይዝ አላወቀችም።

«ትምህርት ቤቱ ፌርማታ ላይ ተሳፈረች» አለች፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ለእናቷ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው። «ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና 'ማሚ፣ የወር አበባዬ መጣ፣ አንቺ እንዳትደነግጪ' አለችኝ። እኔን፣ እማዬ። እኔን እንዳትደነግጪ አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ደነገጥኩ። ፌርማታዎቹን ሁሉ ዘልዬ መጣሁ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አልፈራችም። ዓይኗን አየሁት፤ ቅንጣት ታህል አልፈራችም።»

እትዬ ሜትር የምትቀመጥበት አጥታ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ካውያው ኮሌታውን አቃጥሎ ይጨሳል፤ ያየው የለም። ደስታው ከእግሯ ተነስቶ እስከ አናቷ ሲወጣ ይሰማታል፤ እዚያው መሐል ግን ያ የድሮው ነገር አብሮ ተነሳ። «አንቺን ዘግይቼብሻለሁ፣ ልጄ» አለች። «ለብቻሽ አጥበሽ፣ ለብቻሽ ፈርተሽ። ይቅር በይኝ።»

ከውጭ አንድ ተሳፋሪ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ደጋግሞ ይነፋል። እንቁላል ሻጯ «ቆዩ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» እያለች ትቆጣዋለች።

«ብዙ ፈርቼ ነበር» አለች ሾፌሯ በመጨረሻ። «የምሞት ነበር የመሰለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለሷ የነገርሻትን ንገሪኝ።»

«አሁን? ተሳፋሪውስ?»

«ይጠብቅ» አለች ሾፌሯ፤ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። እትዬ ሜትርም ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና፣ ሠላሳ አራት ዓመት ለሞላት ልጇ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት።